በገዛ እግሩ ገባ



ነገሩ ከኳታሩ ዓለም ዋንጫ፣ ከሉሳይል ስታዲየም ይጀምር። ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7 ሰዓት። ኳታርና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነውና አዲስ አበባ ውስጥ ምሳውን በጉሮሮው ወርውሮ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት የሮጠው ብዙ ነበር። አርጀንቲና 36 ጨዋታ በተከታታይ ሽንፈት የሚባል አልቀመሰችም። ከፊቷ የቆመችው ሳዑዲ ዓረቢያ ናት። በ10ኛው ደቂቃ ሊዮኔል ሜሲ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲያስቆጥር ማን ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ የተዘጋ መሰለ፤ ወሬው ሁሉ በስንት ለዜሮ እንደሚያልቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የአርጀንቲና ኳስ እዚያው የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ሦስት ጊዜ መረብ ላይ አረፈች፤ አንዱን ሜሲ፣ ሁለቱን ላውታሮ ማርቲኔዝ። ሦስቱም ተሰረዙ። የሳዑዲ ተከላካዮች እንደ ደካማ ቡድን በራቸው ላይ ተከምረው አልጠበቁም። በፈረንሳዊው አሠልጣኝ በኤርቬ ሬናር ምክር ወደ መሀል ሜዳ ተጠግተው በአንድ መስመር ተሰለፉ፤ ከጀርባቸው በረኛው ብቻ የቀረበትን ሰፊ ሜዳ ለቀቁት። ለአጥቂ ዓይን ያ ባዶ ሜዳ ለወፍ እንደተበተነ ጥሬ ነው። አርጀንቲናዎች ጥሬውን አይተው ሮጡ፤ ባንዲራው ተነሣ። ደግመው ሮጡ፤ ደግሞ ተነሣ። በዚያ አጋማሽ ብቻ 7 ጊዜ ኦፍሳይድ ተያዙ። ከአራት ዓመት በፊት በሩሲያው ዓለም ዋንጫ በሙሉ የተያዙት 6 ጊዜ ነበር።

ከእረፍት መልስ ሳሌህ አል ሸህሪ በ48ኛው፣ ሳሌም አል ዳውሳሪ በ53ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ሳዑዲ 2 ለ 1 አሸነፈች። በማግስቱ በሳዑዲ ሥራ ተዘጋ፤ ንጉሡ የዕረፍት ቀን አወጁ። ያችው የተሸነፈች አርጀንቲና አራት ሳምንት ሳይሞላ በዚያው ሜዳ ዋንጫውን ማንሣቷ ሌላ ወሬ ነው።

የዚህ ዲስኩር አቅራቢ የኳስ ተንታኝ አይደለም። ጨዋታውን ካነሣው ስለ ወጥመድ አንድ ነገር ግልጥ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። በእነዚያ የኦፍሳይድ ጊዜያት የሳዑዲ ተከላካይ ላውታሮን አልነካውም፤ ኳሷንም አልነካትም። ያደረገው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መራመድ ነው። ቀሪውን ሥራ ሁሉ የሠራው ላውታሮ ራሱ ነው፤ በራሱ ፍጥነት፣ በራሱ ጉጉት፣ በገዛ እግሩ።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያለ ኳስም ያውቀዋል። ቆቅ የሚያጠምድ እረኛ ከፈረስ ጭራ የገመደውን አሽክላ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ጥሬ በትኖ ዞር ይላል። አሽክላው በራሱ ጉልበት የለውም፤ ያላለቀ ቋጠሮ ነው። ቆቋ ገብታ ስትደነግጥና ለማምለጥ ስትስብ ነው የሚጠብቀው። ብትረጋጋ ላላ እንዳለ ይቆያል። ግን ቆቅ መቼ ተረጋግታ ታውቃለች?

አማርኛችንም በዚህ ነገር ላይ ብዙ የተፈላሰፈ ይመስላል። ገበሬ በሬ ይጠምዳል፤ ወታደር መድፍ ይጠምዳል፤ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጥላል። አለቃው ክፉ ዓይን የጣለበት ሠራተኛ ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «ሰውየው ጠምዶኛል» ይላል። ቀንበሩም፣ መድፉም፣ መረቡም፣ ቂሙም ከአንድ ግሥ ይቀዳሉ። በሬው ቀንበሩን በራሱ ትከሻ እንደሚጎትት ሁሉ፣ የተጠመደው ሠራተኛም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በራሱ ንዴት ነው፤ አለቃው የሚጠብቀው አንዲት የስድብ ቃል ብቻ ነው።

የኦፍሳይድ ወጥመድን ወደ ጥበብ ያሳደጉት የጥንት እንግሊዝ ተከላካዮች ናቸው። እስከ እ.ኤ.አ. 1925 ድረስ በነበረው ደንብ ለአጥቂው ኳስ ሲመታለት በእሱና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው። እንግዲህ በረኛው አንድ፣ ከኋላ የሚቀረው ተከላካይ ሁለት፤ ሦስተኛው ወደ ፊት ፈቀቅ ሲል የተጋጣሚው የፊት መስመር በሙሉ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። ቢሳሳት እንኳ የሚሸፍነው ጓደኛ ከኋላው አለ። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የቤልፋስቱ ተወላጅ ቢል ማክራከን ነበር፤ ከ1904 ጀምሮ ለኒውካስል ዩናይትድ ሃያ ዓመት ግድም ተጫውቷል። በየሄደበት ከተማ የተመልካች ጩኸት ይከተለው ነበር። አንድ የእንግዳ ቡድን ኒውካስል ባቡር ጣቢያ ሲወርድ የባቡሩ ዘበኛ ፊሽካ ነፋና ከተጫዋቾቹ አንዱ «ገና ሳንገባ ኦፍሳይድ!» አለ እያሉ ይቀልዳሉ።

ጨዋታው እየደረቀ ሄደ፤ ተመልካች መሰልቸት ጀመረ። በ1925 ደንቡ ከሦስት ተጋጣሚ ወደ ሁለት ወረደ። ያንን ተከትሎ የመጣው ቁጥር አስገራሚ ነው፦ በ1924/25 የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ሊግ 4,700 ግብ ተቆጥሮ ነበር፤ በሚቀጥለው ዘመን በዚያው የጨዋታ ብዛት 6,373 ሆነ። አንዲት ቁጥር ሲቀየር አሽክላው ላላ። የአርሰናሉ ኸርበርት ቻፕማን መልሱን ለማግኘት ብዙ አልቆየም፤ መሀል ሜዳ ይጫወት የነበረውን አንዱን ሰው ወደ ኋላ ስቦ ሦስተኛ ተከላካይ አደረገው። ወጥመዱ ሲበጠስ መከላከያው ተወለደ፤ መከላከያው ሲጠነክር አጥቂው ሌላ መላ ፈለገ። ይህ ድርድር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ከሜዳ ወደ መጽሐፍ ሲገቡ የእኛ ሥነ ጽሑፍ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ውስጥ ያለው የሰሎሞንና የንግሥት ማክዳ ራት፣ እንደዚህ አቅራቢ ግምት፣ በሀገሩ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ በብልሃት የተወጠነ ወጥመድ ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ በየሥዕል ሱቁ በትናንሽ ካሬ ተከፋፍሎ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ይሸጣል። ያም ሆኖ አሠራሩን እንደ መካኒክ ፈታትቶ ያየው ጥቂት ሰው ይመስላል።

ንግሥቲቱ ወደ ሀገሯ ለመመለስ ተነሥታለች። ሰሎሞን የመሰናበቻ ግብዣ ያደርጋል። የሚቀርበው ምግብ በርበሬ የበዛበት፣ መጠጡ ሆምጣጤ የገባበት ነው፤ ሆነ ተብሎ፣ እንድትጠማ። ራቱ ካበቃ በኋላ እዚያው እንድታድር ይለምናታል። እሷም ብልህ ናትና በኃይል እንዳይደፍራት እንዲምልላት ትጠይቃለች። ይምላል። ግን በምላሹ እሷም ከቤቱ ማናቸውንም ነገር በኃይል ላለመውሰድ እንድትምል ይጠይቃታል። ንግሥቲቱ ትስቃለች። ባለጸጋ ናት፤ ወርቅ ጭና የመጣች ሴት ምን ልትሰርቅ? ሳትጨነቅ ትምላለች።

ወጥመዱ እዚህ ሳቅ ውስጥ ነው ያለው። የሁለቱን መሐላ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የእሷ ጥያቄ አንድ የተለየ ድርጊት ነው፤ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ይታወቃል። የእሱ ጥያቄ «ማናቸውም ነገር» የሚል ነው፤ ዳርቻ የለውም። ውል የሚጽፍ ጠበቃ ይህን ቃል ሲያይ ብዕሩን ያስቀምጣል። ንግሥቲቱ ግን ቃሉን የመዘነችው በራሷ ክብር ሚዛን ነው፤ ሌባ አለመሆኗን ታውቃለችና።

ከዚያ የክፍሉ አቀማመጥ ይመጣል። አልጋዋ በአንድ ወገን፣ አልጋው በሌላ ወገን ተነጥፏል። ሰሎሞን አንድ ብላቴና ጠርቶ፣ ንግሥቲቱ በማትሰማው ቋንቋ፣ ዕቃውን አጥቦ ውሃ እንዲያኖርበትና በሩን ዘግቶ ሄዶ እንዲተኛ ያዘዋል። ብላቴናው ይህን የሚያደርገው እያየችው ነው። ውሃው አልተደበቀም፤ ቢደበቅ ኖሮ ወጥመድ ባልሆነ ነበር። ጥቂት አሸልባ ስትነቃ አፏ ደርቋል። ምራቋን ብትፈልግ የለም። ሰሎሞን የተኛ መሰላት፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነቅቷል። ወደ ውሃው ሄዳ ዕቃውን ስታነሣ እጇን ያዘ። መሐላሽን አፈረስሽ አላት። ውሃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነው ወይ ብትለው፣ ከሰማይ በታች ከውሃ የሚበልጥ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለ። መልስ አልነበራትም። የእሱም መሐላ በዚያው ፈረሰ፤ እሷም ጠጣች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ታሪኩን ሰሎሞንን ለማመስገን የተነገረ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ታሪኩ ግን ገና አላለቀም። ከዚያ ሌሊት የተፀነሰው ልጅ፣ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ አድጎ አባቱን ሊጎበኝ ኢየሩሳሌም ወርዶ ሲመለስ፣ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስና ጓደኞቹ ታቦተ ጽዮንን ከመቅደሱ አውጥተው አብረውት ይዘው ይሄዳሉ። በምትኩ በልኩ የተሠራ እንጨት ልብሱን አልብሰው ያስቀምጣሉ። ምኒልክ ራሱ የሚያውቀው መንገድ ከገባ በኋላ ነው። ሰሎሞን ሠራዊት አስከትሎ ቢከተል አይደርስበትም።

ከቤቱ ማናቸውም ነገር እንዳይወሰድበት ያስማለ ንጉሥ፣ ከቤቱ የሚበልጠው ነገር ተወሰደበት። ያውም በዚያ መሐላ ወጥመድ በተገኘው ልጅ ጉዞ። ደራሲው ይህን አስቦ ይሁን ሳያስብ የጻፈው ለመናገር ያስቸግራል፤ ማገሩ ግን ከመጀመሪያው ምሰሶ ጋር በትክክል ተገጣጥሟል። ንግሥቲቱ በዚያች ሌሊት አልተከላከለችም። መከላከሉ አንድ ትውልድ ዘግይቶ መጣ።

ከዚህ ወደ ኦቴሎ መሻገር ቀላል ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በዚህ የሼክስፒር ተውኔት ኢያጎ በእጁ የያዘው ማስረጃ አንዲት መሐረብ ናት። ዴዝዴሞና ጣለቻት፣ ኤሚልያ አነሣቻት፣ ኢያጎ ካሲዮ ክፍል ውስጥ ጣላት። ያቺን መሐረብ ወደ ነፍሰ ገዳይነት ያሳደጋት ኦቴሎ ራሱ ነው። ኢያጎ አንድ ነገር ይጀምርና ይተወዋል፤ «ተወው፣ ምንም አይደለም» እንደሚል ሰው። ቀሪውን ዓረፍተ ነገር ኦቴሎ ይጨርሰዋል፤ ሌላ ሰው ሊጨርሰው ከሚችለው በላይ ክፉ አድርጎ። ነገር ሠሪ ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ስልት ከመድረክ መማር አያስፈልገውም።

ወደ ችሎት እንግባ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1858 በኢሊኖይ ግዛት በቢርድስታውን ከተማ ገና ፕሬዚዳንት ያልሆነው ጠበቃ አብርሃም ሊንከን በነፍስ ግድያ ለተከሰሰ ወጣት ይሟገት ነበር። ዋናው የዓቃቤ ሕግ ምስክር ድብደባውን በዓይኔ አየሁ ይላል። ሊንከን አላዋከበውም። እየደጋገመ በለዘበ ድምፅ ጠየቀው፦ ስንት ሰዓት ነበር? ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ። ምን ያህል ርቀህ ነበር? 150 ጫማ ያህል። ታዲያ በጨለማ እንዴት አየህ? በጨረቃ፤ ጨረቃዋ ከራሳችን በላይ ደምቃ ነበር። ሊንከን ይህን መልስ ደጋግሞ አስነገረው፤ አንድም ጊዜ አልተቃወመውም። ምስክሩ መልሱን በራሱ ሚስማር ከመታ በኋላ የዘመን መቁጠሪያ አልማናክ አወጣ። በዚያ ሌሊት በዚያ ሰዓት ጨረቃዋ አድማስ ጥግ ወርዳ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ወጣቱ ነፃ ወጣ።

የእኛ የቀድሞ ሙግት ለዚህ ስልት ስም ነበረው፤ ተጠየቅ። «ተጠየቅ!» ይላል አንዱ፤ «ልጠየቅ!» ይላል ሌላው፤ ጥያቄው ይጀመራል። ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ እንደ ቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ በዛፍ ጥላ ሥር በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እየተወራረዱ በላ ልበልሃ ይባባላሉ። ዘንጉን እያወናጨፈ፣ አንዴ እየተጠጋ አንዴ እየራቀ የሚሟገተው ሰው በግጥም የሚያጅበው ክርክር ለተመልካች ትያትር ነው። ለባለጉዳዩ ግን ትያትር አልነበረም። ጥሩ ጠያቂ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ምንም የማይጎዳ ነገር ነው። በሬው የአንተ ነው? አዎን። ከብቶችህን ራስህ ትጠብቃለህ? አዎን፣ ማን ይጠብቅልኛል! ሌሊት በረታቸውን ማን ይዘጋል? እኔ። ሦስት ጊዜ በኩራት የመለሰ ሰው በአራተኛው፣ በሬው የጎረቤቱን ማሳ ሲያጠፋ ያደረ መሆኑ ሲነሣ፣ በረቱ እንዴት ተከፈተ ለሚለው መልስ የለውም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚለው ተረት ከዚህ ዓይነት ችሎት ደጃፍ የተነሣ ቢሆን አይገርምም።

ወጥመዱን የዘረጋው መንግሥት ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1930 በሰሜን ካሮላይና ገጠር አንድ ሰው የመጠጥ ክልከላውን ሕግ ጥሶ ውስኪ ሸጠ ተብሎ ተያዘ። የያዘው የፌዴራል መርማሪ ራሱን ቱሪስት አስመስሎ ነበር የመጣው። ሁለቱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአንድ ክፍለ ጦር ያገለገሉ ሆነው ተገኙና የጦር ሜዳ ትዝታ ተጨዋወቱ። መርማሪው በመሀል ውስኪ ታገኝልኛለህ ወይ አለ። የለኝም አለው። ወሬ ቀጠለ፤ ደግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ ሰውየው ለጦር ጓዱ ሲል ወጥቶ ግማሽ ጋሎን ይዞ መጣ፤ 5 ዶላር ተቀበለ፤ ተያዘ። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና በ1932 ፍርድ ቤቱ ለተከሳሹ መከላከያ የሚሆን አዲስ በር ከፈተለት፦ ወንጀሉን ያሰበውና በሰውየው ልብ ውስጥ የተከለው መንግሥት ከሆነ፣ ተከሳሹ ይህንኑ በመከላከያነት ማንሣት ይችላል። ሌባ መያዝና ሌባ መሥራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸው ነው የተፈረደው። ጉዳዩ ዛሬም ያከራክራል፤ መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር ዳኞች በየጊዜው ይለያያሉ። የዚህ ዲስኩር አቅራቢ ግን ከሰውየው ጎን ነው። የጦር ጓድን እምቢ ማለት ቀላል አይደለም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የአማርኛ ቃል ሲያቃጭል ቆይቷል። ፍርድ ቤት የሚቆመው ጠበቃ ነው፤ መረቡ ፊት የሚቆመው ግብ ጠባቂ ነው። ግሡ አንድ ነው፤ ጠበቀ። ጓደኛን ቆመህ ጠብቀኝ ስንለው ደግሞ ያው ግሥ ቆየኝ ማለት ይሆናል። ቋጠሮ ሲከርም ጠበቀ እንላለን። መከላከሉ፣ መቆየቱና የአሽክላው መክረር በአንድ ድምፅ ይጠራሉ። ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ከተናጋሪዎቹ ቀድሞ ያስባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምክንያቱም በየጽሑፉ ከወጥመድ ያመለጡት ሰዎች አብዛኞቹ ያመለጡት በመቆየት ነው። በ«ሺህ አንድ ሌሊት» ተረት ያለችው ሸህራዛድ ሊያስገድላት የነበረውን ንጉሥ አልተጋፋችም፤ ተረቷን ንጋት ላይ አቋርጣ ነገ እጨርስልሃለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ ነበራት። የሆሜሯ ፔኔሎፔ የሚያፋጥጧትን ጠያቂዎች ለባሏ አባት መገነዣ እየሸመንኩ ነው፣ ስጨርስ አንዱን አገባለሁ ብላ ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየተረተረች ሦስት ዓመት አቆየቻቸው። የእኛ ባለጉዳይ ፍርድ ቤት ሲጨንቀው የሚለው ምንድን ነው? ቀጠሮ ይሰጠኝ። ቀጠሮ የበዛበት ችሎት ሲረገም ይኖራል፤ ተከሳሽ ለሆነ ሰው ግን ቀጠሮ እስትንፋስ ነው።

ሰንጠረዥም ይህንኑ ያውቃል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከዓለም ቼዝ የሚለይበት አንዱ ጠባይ መክፈቻው ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እንደፈለጉ ድንጋያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ድንጋይ እስኪበላ ድረስ። ለማያውቅ ሰው ግርግር ይመስላል። የሚያውቅ ግን የራሱን ሳይሆን የሌላውን እጅ ነው የሚያየው፤ እሱ ሲያሰልፍ ያፈርሳል፣ እሱ ሲያፈርስ ያሰልፋል። ቸኩሎ የመጀመሪያዋን ድንጋይ የበላ ሰው ወረራውን በዚያው ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ባለበት አሰላለፍ ተራ በተራ መጫወት ነው። አጨራረሱም ላይ ወግ ነበረ፤ ንጉሥን በጠንካራ ድንጋዮች ጉልበት መግደል እንደ ጨዋነት ጉድለት ይታይ ነበር፤ በደካማ ድንጋዮች አጣብቆ የገደለ ነው የሚመሰገነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ አዘውትረው እንደሚጫወቱ ጽፏል። ዛሬ የሚጫወተው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ያሳዝናል፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በከንቱ ተዘግቷል።

በዕለት ኑሮ ውስጥ ወጥመዱ ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው። ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ የተነሣች ልጅ ፊት የሚቀመጠው ውል በማታነበው ቋንቋ ተጽፏል፤ ልክ ብላቴናው በማትሰማው ቋንቋ እንደታዘዘው። ደላላው ነገ በረራ አለ፣ ቦታው ይያዝብሻል፣ ፈርሚ ይላል። ቤተሰብ በሬ ሸጧል፤ ብድር ገብቷል፤ ጎረቤት ሸኝቷል። እዚያ ስትደርስ በአሠሪ ዋስትና በሚሠራው በከፋላ ሥርዓት ሥራ መቀየርም ሆነ አገሩን መልቀቅ በአሠሪዋ ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ፓስፖርቷ ደግሞ በብዙ ቤት ከእጇ ይወሰዳል። ይህን ከኦፍሳይድ ጋር አንድ ላይ ማንሣት ነገሩን ማቅለል እንዳይመስል መናገር ያስፈልጋል፦ ላውታሮ ሲሳሳት የሚነሣው ባንዲራ ነው። እዚህ ግን የሚጠፋው የሰው ዕድሜ ነው፤ ጥፋቱም ጥሬውን የበተነው እንጂ ተርባ የለቀመችው አይደለም።

ሌላው ወጥመድ ስልክ ነው። ገንዘብ በእጅ ስልክ መላላክ ከተለመደ ወዲህ ኪስ አውላቂው አውቶቡስ መጋፋት አቁሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይደውላል። የሱም ጥበብ የማክራከን ነው፤ ኪስ አይነካም። በአጭር መልእክት የመጣውን ቁጥር ባለቤቱ ራሱ አንብቦ እንዲነግረው ያደርጋል። ለዚህ ደግሞ ሁለት ነገር ይበቃዋል፤ ደስታ ወይም ድንጋጤ። ዕጣ ወጥቶልዎታል ይላል፤ አለዚያም ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው። ከሁለቱም ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አንድ ነው፤ አሁኑኑ።

ከዚህ ዲስኩር አቅራቢ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴሎች ያስረክባሉ፤ ሌማታቸው ከደጅ ይታያል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምጣዳቸው ፊት ተቀምጠው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ሊጥ የነካ ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠርገው አነሡት። ደዋዩ ትሑት ነው፤ እማማ ይላቸዋል፤ ስማቸውን ያውቃል። ከባንክ ነው የምደውለው፣ ሂሳብዎ ላይ ችግር ስላለ አሁን የላክሁልዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ፣ ካልሆነ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል አላቸው። መልእክቱ እውነትም ገባ። እሳቸው ግን ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ዓይን አውጥቷል፤ አክንባሎው መደፋት አለበት።

«ቆይ አንዴ ልጄ» አሉት።

ስልኩን ከእንቅቡ አጠገብ መሬት አስቀምጠው አክንባሎውን ደፉ። ደዋዩ እማማ፣ እማማ ይላል። እንጀራው እስኪበስል ጠበቁ፤ ከፈቱ፤ በሰፌድ አወጡ፤ ምጣዱን አሰሱ፤ ሌላ ሊጥ አዞሩ። ስልኩን መልሰው ሲያነሡ ሰውየው ድምፁ ተለውጧል፤ ሰዓቱ እያለቀ ነው እማማ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ!

«ዓይኔ ፊደል አይለይም የኔ ልጅ። ልጄ ከገበያ ሲመለስ እሱ ያነብልሃል። ምሳም እዚህ ነው የሚበላው፤ ወደ 7 ሰዓት ደውል።»

ዝም አለ። ቀጥሎ የተሰማው የተዘጋ ስልክ ጩኸት ነው። ሴትየዋ ስልኩን ገልብጠው አዩት፤ እንግዳ ነገር የሆነ መሰላቸው፤ ባንኩ እንዲህ በአንዴ የሚቆጣ አይመስላቸውም ነበር። በሰባት ሰዓት ልጃቸው መጣ። ደዋዩ አልደወለም።